ሴሲሊያ ፔይንና የከዋክብት ምሥጢር

የሰማይ ነገር ለሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የተተወ ነው እያልን እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ እንሸሸዋለን። የሴሲሊያ ፔይን ሕይወት ግን ስለ ከዋክብት ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውም የሚያስተምር ስለሆነ ባጭሩ ልንተርከው ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

ሴሲሊያ በ1900 በእንግሊዝ አገር ዌንዶቨር በምትባል ከተማ ተወለደች። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች አባትዋ ስለ ሞተ እናትዋ ሦስት ልጆች ብቻዋን አሳደገች። በ1919 ኬምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ገብታ የዕፀዋት ጥናት፥ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ስትማር፥ አርተር ኤዲንግተን የተባለው ሊቅ የፀሐይ ግርዶሽ ለመመልከት ወደ ፕሪንሲፔ ደሴት ስላደረገው ጉዞ ሲናገር ሰማች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብዋ ወደ ከዋክብት አደላ። ትምህርትዋን ፈጸመች፤ ዲግሪ ግን አልተሰጣትም፤ ኬምብሪጅ ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1948 ነውና። ስለዚህ በ1923 ባሕር ተሻግራ ወደ አሜሪካ ሄደች፤ በሃርቫርድ የከዋክብት መመልከቻም ጥናትዋን ቀጠለች።

የኮከብ ብርሃን በፕሪዝም ሲያልፍ እንደ ቀስተ ደመና ይዘረጋል፤ በመካከሉም ጥቃቅን ጥቋቊር መስመሮች ይታያሉ። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የራሱ መስመር ስላለው፥ መስመሩን ማንበብ የቻለ ሰው ኮከቡ ከምን እንደ ተሠራ ያውቃል። ይሁን እንጂ መስመሩ የጐላ ሁሉ በብዛት አለ ማለት አይደለም። ሕንዳዊው ሊቅ መግናድ ሳሃ በ1920 እንዳስረዳው፥ ሙቀት ሲበረታ አቶሞች ኤሌክትሮናቸውን ስለሚያጡ መስመራቸው ይለወጣል።

ይህም ሙቀታቸው ከ30,000 ዲግሪ በሚበልጥ ግዙፍ ሰማያዊ ከዋክብት ላይ በግልጽ ይታያል። እነዚህ ነዳጃቸውን በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ስለሚጨርሱ በከዋክብት ዕድሜ ገና ሕፃናት ናቸው። ሃይድሮጂን ሞልቶባቸው ሳለ የሃይድሮጂን መስመራቸው የሳሳ ነው። ፔይን ሲሊኮን ኤሌክትሮኖቹን አንድ በአንድ እያጣ በአራት መልክ መታየቱን ተከትላ የትኩሳኑን ከዋክብት ሙቀት ለካች፤ ሙቀቱን ካወቀች በኋላም የንጥረ ነገሮቹን ብዛት አሰላች።

በዚያ ዘመን ከዋክብት መሬት ከተሠራችበት ነገር የተሠሩ ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። ፔይን ግን በ1925 በጻፈችው የዶክትሬት ጽሑፍ፥ ሃይድሮጂን ከብረታ ብረቱ ሚሊዮን ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አገኘች። የፕሪንስተኑ ታላቅ ሊቅ ሄንሪ ራስል ይህ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈላት። የ25 ዓመት ወጣት ምን ታድርግ? በገዛ ጽሑፍዋ ውስጥ ውጤቱ እውነት አይመስልም ብላ አስተባበለች። በ1929 ራስል ራሱ በሌላ መንገድ ሄዶ ከዚያው ደረሰ፤ የእርስዋንም ሥራ ጠቀሰ፤ ክብሩ ግን ለብዙ ጊዜ ለእርሱ ሆነ።

በ1934 ሰርጌይ ጋፖሽኪን የተባለውን ሩሲያዊ የከዋክብት ተመራማሪ አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች። በሃርቫርድ በአነስተኛ ደመወዝ ብዙ ዓመት ከሠራች በኋላ በ1956 ፕሮፌሰርና የክፍሉ ኃላፊ ሆነች። በ1976 በዚያው በራስል ስም የተሰየመውን ሽልማት ተቀበለች፤ በ1979 ዐረፈች። ከዚያ ወዲህ በፀሐይ አቅራቢያ ያሉት ትኩስ ወጣት ከዋክብት ሲመረመሩ፥ ከክብደታቸው 71 በመቶ ያህሉ ሃይድሮጂን፥ 28 በመቶ ያህሉ ሒሊየም፥ የቀረው ሁሉ ተደምሮ ከ1 በመቶ ጥቂት የሚበልጥ ሆኖ ተገኝቶአል።

መምህርን ማክበር ያገራችን ደንብ ነው፤ መልካምም ነው። እኛም ጽሑፋችን በቀይ ቀለም ተሰርዞ ሲመለስልን አንገታችንን ደፍተን እንደገና እንጽፋለን። ስሕተቱ የእኛ ከሆነ ይገባል። ትክክል መሆናችንን እያወቅን ዝም ስንል ግን ምን እንላለን? ፔይን በስተርጅናዋ ራስዋን የወቀሰችው በዚህ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶቻችን። ንጋት ያለ ሰው ርዳታ ይመጣል፤ እውነት ግን የሚጽፈው ይፈልጋል። ፔይን በቃልዋ ብታስተባብልም ቊጥሩን ከሠንጠረዡ አልፋቀችውም፤ ለኋለኞቹም የቀረው ቊጥሩ ነው።