ኒኮላ ቴስላ እና ስሙን የያዘው ጥቅል ሽቦ

ከግድግዳ ሶኬት የሚገኘውን ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ወደ መቶ ሺዎች ቮልት የሚያሳድግና በአየር ላይ መብረቅ መሰል ብልጭታ የሚረጭ መሣሪያ በብዙ አገሮች በፈጣሪው ስም የቴስላ ጥቅል ተብሎ ይጠራል። ዛሬ መሣሪያውን በአብዛኛው የሚሠሩት ተማሪዎችና በትርፍ ጊዜያቸው የሚሞክሩ ባለሙያዎች ናቸው። ኒኮላ ቴስላ ግን ሀብቱንና ስሙን ያስያዘበት ለጊዜ ማሳለፊያ አልነበረም።

ቴስላ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1856 በያኔው የኦስትሪያ ግዛት፣ በዛሬይቱ ክሮኤሺያ ውስጥ በምትገኘው ስሚልያን መንደር ከሰርብ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የኦርቶዶክስ ቄስ ሲሆኑ፣ እናቱ መደበኛ ትምህርት ሳያገኙ ለቤት ሥራ የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን በራሳቸው የሚሠሩ ብልህ ሴት ነበሩ። በ1875 በኦስትሪያ ግራዝ ከተማ የቴክኒክ ትምህርት የጀመረው ወጣት ትምህርቱን ሳያጠናቅቅ ወጥቶ በቡዳፔስት፣ ቀጥሎም በፓሪስ በኤዲሰን ኩባንያ ሠርቷል። በ1884 ወደ ኒውዮርክ ተሻግሮ በዚያው በኤዲሰን ድርጅት ጥቂት ወራት ከሠራ በኋላ ለቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቦይ በመቆፈር የዕለት እንጀራውን ያገኘበት ጊዜም ነበር።

ዓለም በይበልጥ የሚጠቀምበት ሥራው በ1888 የቀረበው በተለዋዋጭ ጅረት የሚሠራው ሞተር ነው። የፈጠራ መብቱን ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ አከራየ። በ1896 ከናያጋራ ፏፏቴ የመነጨ ኃይል ወደ ቡፋሎ ከተማ ሲተላለፍ ሥርዓቱ በተግባር ታየ። ኢትዮጵያን ጨምሮ አብዛኛው ዓለም ዛሬ ኃይል የሚያሰራጭበት ባለ ሦስት ፌዝ መስመር መነሻው ከዚያው ዘመን ሥራ ነው። ቴስላ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ይከፈለው የነበረውን ድርሻ ትቶ መብቱን በ1897 ለኩባንያው በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጧል። የወደፊት ገቢውን ያጣበት ይህ ውሳኔ ኋላ ላይ ለደረሰበት ችግር አንድ ምክንያት መሆኑ አያጠራጥርም።

እርሱ ግን በዚያን ጊዜ ሐሳቡ ሁሉ ሌላ ነገር ላይ ነበር። በ1891 በኒውዮርክ ኮሎምቢያ ኮሌጅ ለመሐንዲሶች ባቀረበው ንግግር ሽቦ ያልተያያዘባቸው የብርጭቆ ቱቦዎች በእጁ ላይ ሲበሩ አሳየ። በዚያው ዓመት የፈጠራ መብት ያወጣበት መሣሪያ አሠራሩ ከዥዋዥዌ ጋር ይመሳሰላል። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠን ልጅ በትክክለኛው ቅጽበት በየጊዜው በጥቂቱ ቢገፉት ከፍ እያለ ይሄዳል፤ ጊዜውን ከሳቱት ግን ብርቱ ክንድም አይረዳም። በመሣሪያው ውስጥ ትራንስፎርመር የመስመሩን ቮልት ከፍ አድርጎ ካፓሲተር ይሞላል። ካፓሲተሩ በብልጭታ ክፍተት በኩል ጥቂት ዙር ወዳለው ወፍራም ሽቦ ይለቀቃል። ከዚህ አጠገብ የቆመው፣ ብዙ መቶ ዙር ያለው ቀጭን ጥቅል የራሱ ንዝረት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሆኖ ሲቃኝ ኃይሉ በውስጡ ተጠራቅሞ በጫፉ ላይ ይፈነዳል። ዋናው ጥበብ ያለው የሽቦውን ዙር በማብዛት ብቻ ሳይሆን በመቃኘቱ ላይ ነው።

በማርች 1895 የኒውዮርኩ ቤተ ሙከራው በእሳት ወደመ። የዓመታት ሥራው አብሮ ጠፋ። በ1899 ወደ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ አምርቶ ስፋቱ 15 ሜትር የሚደርስ ጥቅል ዘረጋ። በአንዱ ሙከራ የከተማውን ኃይል ማመንጫ እንዳቃጠለ ይነገራል። በብልጭታዎች ሥር በእርጋታ ተቀምጦ የሚታይበት ዝነኛ ፎቶግራፍ ግን በአንድ ፊልም ላይ ደጋግሞ በማንሳት የተሠራ ነው። ብልጭታው በሚፈነዳበት ሰዓት በቦታው አልነበረም።

በ1901 ባለባንኩ ጄ. ፒ. ሞርጋን 150 ሺህ ዶላር ሰጠው። የተነገራቸው ዓላማ በአትላንቲክ ማዶ መልእክት መላክ ነበር። የቴስላ ልብ ግን ያለው ኃይልን ያለሽቦ በማዳረሱ ላይ ነበር። በሎንግ አይላንድ፣ ሾርሃም ላይ 57 ሜትር የሚረዝመው ግንብ እየተሠራ ሳለ፣ በዲሴምበር 1901 ማርኮኒ በአነስተኛ ወጪ ምልክት ውቅያኖስ አሻገረ። ቴስላ እውነተኛ ዓላማውን ገልጾ ተጨማሪ ገንዘብ ጠየቀ፤ ሞርጋን እምቢ አሉ። ገንዘብ ሰጪውን አንድ ነገር አስፈቅዶ ሌላ መሥራት ለየትኛውም ፕሮጀክት አደገኛ መሆኑ የታወቀ ነው። ሐሳቡም በቴክኒክ ረገድ ችግር ነበረበት፤ ኃይል በአየር ሲሰራጭ ከርቀት ጋር በፍጥነት ይመነምናል። ሥራው ተቋረጠ፤ ግንቡም በ1917 ፈረሰ።

ቴስላ ቀሪ ዘመኑን በሆቴል ክፍሎች፣ በዕዳ እና እርግቦችን በመቀለብ አሳለፈ። ጃንዋሪ 7 ቀን 1943 በኒውዮርከር ሆቴል 33ኛ ፎቅ ላይ በ86 ዓመቱ ብቻውን አረፈ። ከወራት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የማርኮኒን አንዳንድ የሬዲዮ መብቶች ውድቅ አደረገ። በ1960 ደግሞ የማግኔታዊ መስክ መለኪያ በቴስላ ስም ተሰየመ። አመዱ በቤልግሬድ ሙዚየም ይገኛል።

ዛሬ ጥቅሉን በቤቱ የሚሠራ ሰው የብልጭታውን ክፍተት በትራንዚስተር ሊተካው ይችላል። የ220 ቮልት መስመር በዳዮዶች ሲስተካከል ወደ 310 ቮልት ገደማ ቀጥተኛ ጅረት ይሆናል። ትራንዚስተሮቹ ይህን በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እያፈራረቁ፣ የጥቅሉን ንዝረት እየተከተሉ ይገፋሉ። የሚያስገርመው አደገኛው ክፍል ዓይን የሚስበው ብልጭታ ሳይሆን ይህ ከመስመሩ ጋር በቀጥታ የተያያዘው ጸጥተኛ ሰርኪዩት መሆኑ ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮቹ ሰው ለመግደል የሚበቃ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ካፓሲተሩ ባዶ መሆኑን ሳይለኩ እጃቸውን አያስገቡም፤ ብቻቸውንም አይሠሩም።

የሾርሃም ቤተ ሙከራ በ2013 ከሕዝብ በተሰበሰበ መዋጮ ተገዝቷል። ከግንቡ በቦታው የቀረው መሠረቱ ነው።