ድሉ ያሳዘነው ንጉሥ አሾካ

በጥንቱ ዘመን የነበሩ ነገሥታት ድል ባደረጉ ጊዜ የሚሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት ነው። የገደሉትን ጠላት፣ የማረኩትን ሰውና የነዱትን ከብት ቈጥረው በድንጋይ ላይ ያስቀርጻሉ። የግብፅ ፈርዖኖችና የአሦር ነገሥታት ይህንኑ አድርገዋል፤ የእኛው ንጉሥ ዒዛናም በአክሱም ያስቀረጻቸው ጽሑፎች የዘመቻዎቹን ውጤት በቍጥር የሚናገሩ ናቸው። እኔ በዘንድሮው መጽሔታችን ታሪኩን ለመጻፍ የመረጥሁት የሕንዱ ንጉሥ አሾካ ግን፣ ድል ካደረገ በኋላ በድንጋይ ላይ ያስቀረጸው ሐዘኑን ነው። ባነበብሁት የጥንት ታሪክ ሁሉ ይህን የመሰለ ሌላ ንጉሥ አላገኘሁም። ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን መካከል በሕንድ መምህራን እጅ የተማሩ ብዙዎች ስለ ሆኑ፣ ስሙ ለእነርሱ እንግዳ ላይሆን ይችላል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ326 ዓመት ወደ ሕንድ ገብቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ቻንድራጉፕታ የተባለ ሰው በጋንጅስ ወንዝ አካባቢ የነበረውን የማጋዳን መንግሥት ያዘና የማውርያን ሥርወ መንግሥት አቆመ። ከእስክንድር የጦር አለቆች አንዱ የነበረው ሴሌውቆስ ሊወጋው መጥቶ ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻ ሰፊ አገር ለቆለት በምትኩ 500 ዝሆኖች ተቀብሎ ታረቀ። ለዛሬ ሰው ይህ ልውውጥ ቀልድ ይመስለዋል፤ በዚያ ዘመን ግን የጦር ዝሆን ማለት እንደ ዛሬው ታንክ ማለት ነበረ። የሴሌውቆስ መልእክተኛ ሜጋስቴኔስ ዋና ከተማውን ፓታሊፑትራን አይቶ፣ ቅጥርዋ ከእንጨት የተሠራ እንደ ሆነ፣ 64 በሮችና 570 የመጠበቂያ ግንቦች እንዳሉአት ተናግሮአል። ይህች ከተማ ዛሬ ፓትና ትባላለች። ከቻንድራጉፕታ በኋላ ልጁ ቢንዱሳራ ነገሠ፤ አሾካ የዚህ የቢንዱሳራ ልጅ ነው።

አሾካ ዘውድ የጫነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ268 ዓመት ገደማ ነው። የቡድሃ ተከታዮች በጻፉት ታሪክ እንደሚነገረው፣ ዙፋኑን ለመያዝ ሲል 99 ወንድሞቹን ገደለ። እኔ ግን ይህን አላምንም። እርሱ ራሱ ከነገሠ ከብዙ ዓመት በኋላ ባስጻፈው ጽሑፍ ውስጥ ስለ ወንድሞቹና ስለ እኅቶቹ ቤተ ሰብ ይናገራልና፣ ሁሉን ፈጅቶአቸው ቢሆን ይህ ከየት ይመጣል? መነኮሳቱ የኋላ ደግነቱ ጐልቶ እንዲታይ የፊት ክፋቱን ያበዙት ይመስለኛል።

በነገሠ በስምንት ዓመቱ በሕንድ ምሥራቅ ጠረፍ በነበረችው በካሊንጋ ላይ ዘመተ። ካሊንጋ ዛሬ ኦዲሻ በተባለው ክፍለ ሀገር የነበረች፣ በባሕር ንግድ የበለጸገች አገር ናት። አሾካም ድል አደረገ። የደረሰውን ጥፋት የምናውቀው ከጠላቶቹ አይደለም፤ ከራሱ ጽሑፍ ነው፤ 100,000 ሰው ተገደለ፤ 150,000 ሰው ከአገሩ ተነቅሎ ተወሰደ፤ ከጦርነቱ በኋላም ከተገደሉት እጅግ የሚበልጥ ሕዝብ አለቀ።

እዚህ ላይ ሌላ ንጉሥ ቢሆን ከበሮ ያስመታ ነበር። አሾካ ግን በዚህ ነገር እንደ ተጸጸተ አስጻፈ። በጣም ያስደነቀኝም ሐዘኑ ስለ ሞቱት ወታደሮች ብቻ አለመሆኑ ነው። ወላጆቻቸውንና መምህራኖቻቸውን አክብረው፣ አገልጋዮቻቸውን በደኅና ይዘው በሰላም ይኖሩ የነበሩት ሰዎች በመጐዳታቸው ያዝናል። ከዚያም አልፎ፣ ራሳቸው ሳይነኩ ወዳጅና ዘመድ የሞተባቸውም እንደ ተጐዱ ይቈጥራል። ከእንግዲህ ወዲያ በካሊንጋ ከጠፋው ሕዝብ መቶኛው ወይም ሺኛው እንኳ ቢጠፋ እንደሚያሳዝነው ይገልጻል።

ከዚህ በኋላ ልቡ ወደ ቡድሃ ትምህርት አዘነበለ፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ዓመት ብዙ እንዳልተጋበት ራሱ ሳይደብቅ ተናግሮአል። የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ለአገራችንም ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከእጅ ወደ እጅ፣ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ እየተላለፈ የክርስቲያን ታሪክ ሆነና፣ በ1553 አባ ዕንባቆም ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ ምንጩ እርሱ መሆኑን ሊቃውንት አረጋግጠዋል።

አሾካ ሕዝቡን የሚመክርበትን ቃል በትልልቅ ዐለቶችና በለሰለሱ የድንጋይ ዓምዶች ላይ አስቀረጸ። ጽሑፉ በየአገሩ ቋንቋ ነበረ፤ በዛሬው አፍጋኒስታን በካንዳሃር በ1958 የተገኘው በግሪክና በአራማይክ የተጻፈ ነው። በየመንገዱ ዳር ለሰውና ለእንስሳ ጥላ የሚሆን ዛፍ አስተከለ፤ ጕድጓድ አስቈፈረ፤ ለሰውም ለእንስሳም ሕክምና አዘጋጀ። ሰው ሁሉ የራሱን ሃይማኖት ከፍ ለማድረግ ሲል የሌላውን እንዳያዋርድ አዘዘ። የመንግሥት ጕዳይ ከመጣ በምሳም ላይ ቢሆን፣ በእልፍኝም ቢሆን ያለ መዘግየት እንዲነግሩት ለሹሞቹ ፈቀደ። እስከ ግብፅና እስከ መቄዶንያ ነገሥታትም መልእክተኞቹን ላከ።

ስለ ማድ ቤቱ ያስጻፈውን ሳነብ ግን ሣቄ መጣ። ቀድሞ ለንጉሡ ወጥ በየቀኑ እጅግ ብዙ ሺሕ እንስሳ ይታረድ ነበረ፤ አሁን ግን ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ብቻ ይታረዳሉ፤ አጋዘኑም ሁልጊዜ አይደለም፤ ወደ ፊት እነዚህም ይቀራሉ ይላል። ይህን ያህል ታላቅ መንግሥት የሚገዛ ሰው ስለ ሁለት ወፍ ለሕዝቡ በድንጋይ ላይ ሒሳብ ሲያቀርብ ማየት ያስገርማል። ሐሰተኛ ቢሆን ኖሮ ሁሉን ትቻለሁ ብሎ በጻፈ ነበር።

ሆኖም ታሪክ የሚጽፍ ሰው የሚያመሰግነውን ብቻ ማውጣት አይገባውም። አሾካ ይህን ያህል ቢያዝንም ካሊንጋን ለባለ አገሮቹ አልመለሰም፤ የተነቀሉትን ሰዎች ወደ ቤታቸው መለሰ የሚል ቃልም በጽሑፎቹ ውስጥ አይገኝም። በጫካ ለሚኖሩት ሕዝቦችም፣ ቢጸጸትም ኀይል እንዳለው እንዳይረሱ ያስጠነቅቃቸዋል። የሞት ቅጣትንም አላስቀረም፤ ለተፈረደበት ሰው የሦስት ቀን ጊዜ ሰጠ እንጂ። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በዳውሊና በጃውጋዳ ያሉት ዐለቶች ነገር ነው። እነዚህ ሁለቱ በካሊንጋ ምድር ያሉ ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ግን የጸጸቱ ጽሑፍ የለም። በሌላ አገር ያነበቡት የካሊንጋን ሐዘን አነበቡ፤ ሐዘኑ የደረሰባቸው የካሊንጋ ሰዎች ግን አላነበቡትም። በምትኩ ለእነርሱ የተጻፈው ንጉሡ ሰውን ሁሉ እንደ ልጆቹ እንደሚቈጥር የሚገልጽና ሹሞች ያለ ፍርድ ሰው እንዳያስሩ፣ እንዳያሠቃዩ የሚያዝዝ ቃል ነው። አፍሮ ነውን? ወይስ ቍስላቸውን ላለመነካካት? አንዳንድ ሰው ይህን አይቶ ጸጸቱ ሁሉ የመንግሥት ብልሃት ነበረ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ምክንያቱም ብልሃተኛ ንጉሥ የገደለውን ሰው ቍጥር አሳንሶ ይጽፋል እንጂ ለጠላቶቹ መክሰሻ የሚሆን ቃል በገዛ እጁ አይቀርጽም። ነገር ግን አገሩን እንደ ያዘ የሚጸጸት ሰው ጸጸቱ ግማሽ ነው ለሚሉኝም የምመልሰው የለኝም።

አሾካ የሞተው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ232 ዓመት ገደማ ነው። ከእርሱ በኋላ መንግሥቱ እየደከመ ሄደ፤ የመጨረሻውን የማውርያ ንጉሥ የገዛ የጦር አለቃው ፑሽያሚትራ ገደለው። ከዘመን ብዛትም የጽሑፎቹ ፊደል ተረሳና ሰው ሁሉ በዐለቶቹ አጠገብ ሳያነብ የሚያልፍ ሆነ። በ1837 ጄምስ ፕሪንሴፕ የተባለ እንግሊዛዊ ፊደሉን ፈታው፤ ይሁን እንጂ ጽሑፎቹ ንጉሡን በማዕረግ ስሙ በአማልክት የተወደደ ፒያዳሲ እያሉ ስለሚጠሩት ማን እንደ ሆነ ወዲያው አልታወቀም። ፒያዳሲ አሾካ መሆኑን የገለጹት የሲሎን የታሪክ መጻሕፍት ናቸው፤ በ1915 ደግሞ አሾካ የሚለው ስም ራሱ የተጻፈበት ድንጋይ በማስኪ ተገኘ።

ሕንድ ከእንግሊዝ አገዛዝ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ አሾካ በሳርናት ባቆመው ዓምድ ራስ ላይ የነበሩትን አንበሶች በ1950 የመንግሥት ዓርማ አደረገቻቸው። አንበሶቹ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ አራት ናቸው፤ በሕንድ ገንዘብ ላይ የሚታዩት ግን ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ አራተኛው ከኋላ ስለ ሆነ በሥዕሉ አይወጣም።