ኢሺሮ ሆንዳ (1911–1993 እ.ኤ.አ.)፦ ከጦር ሜዳ ወደ «ጎጂራ»

ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ኢሺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1911 በያማጋታ ክፍለ ሀገር ተወለደ። በ1933 የፊልም ሥራ ቢጀምርም፣ በተደጋጋሚ ለውትድርና እየተጠራ ዓመታትን በቻይና አሳለፈ፤ በመጨረሻም ተማረከ። በ1946 ወደ አገሩ ሲመለስ በአቶም ቦምብ በወደመችው ሂሮሺማ አለፈ።

በማርች 1954 አሜሪካ በቢኪኒ የሞከረችው የሃይድሮጂን ቦምብ 23 ጃፓናውያን ዓሣ አጥማጆችን ለጨረር አጋለጠ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ለሕዝብ የቀረበው የሆንዳ ፊልም «ጎጂራ» (ጎድዚላ)፣ በቦምብ ሙከራ ተቀስቅሶ ከባሕር የወጣና ቶኪዮን ያነደደ ግዙፍ አውሬ ታሪክ ነው። ሆንዳ ከአውሬው ኃይል ባልተናነሰ ሆስፒታል ያጣበቡትን ቁስለኞች አሳየ። አውሬውን የሚገድለውን መሣሪያ የፈጠረው ሳይንቲስትም ዕውቀቱ ለሌላ ጦርነት እንዳይውል ሰነዶቹን አቃጥሎ ከአውሬው ጋር ባሕር ውስጥ ይቀራል።

ሰው የሠራውን ጥፋት ማን ይገታል የሚለው ጥያቄ ለጎጃምም ባዕድ አይደለም፤ በራስ እምሩ መሪነት ከደብረ ማርቆስ በዘመተው ሠራዊት ላይ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ ዳርቻ የጣሊያን አውሮፕላኖች የመርዝ ጋዝ አውርደውበታል።

ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሞት አውሬው የተከታታይ ፊልሞች መዝናኛ ሆኖ ነበር፤ የመጀመሪያው ፊልም ግን ሳይንቲስት ለግኝቱ ያለበትን ኃላፊነት እንደጠየቀ ይኖራል።