ሊዮ ፌንደርና ለጠጋኝ የታሰበችው ትንሽ ማጉያ

በሙያችን ታሪክ ስማቸው ጎልቶ ከሚጠራው ሰዎች ብዙዎቹ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ፍሬዎች ናቸው። የኤሌክትሪክ ጊታርንና የድምፅ ማጉያውን በዓለም ዙሪያ ያዳረሰው ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር ግን ምሕንድስናን በዩኒቨርሲቲ አልተማረም፤ ጊታር መጫወትም አያውቅም ነበር። ታዲያ ስሙ ከምን መነጨ ብሎ መጠየቅ ለእኛ ለባለሙያዎቹ ይጠቅማል።

ፌንደር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1909 በካሊፎርኒያ፣ በፉለርተን ከተማ አካባቢ፣ ብርቱካን ከሚያለሙ ቤተሰቦች ተወለደ። ገና በልጅነቱ በሕመም ምክንያት አንድ ዓይኑን አጥቶ ዕድሜውን በሙሉ በመስተዋት ዓይን ኖረ። የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ የነበረው አጎቱ የሬዲዮን ፍቅር አሳደረበት። ይሁን እንጂ በኮሌጅ የተማረው የሒሳብ አያያዝን ነበር። በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ከሥራው በመሰናበቱ በ1938 600 ዶላር ተበድሮ በፉለርተን የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ።

እውነተኛው ትምህርት ቤቱ ይህ ሱቅ ሆነ። ሙዚቀኞች የተበላሹ ማጉያዎቻቸውን ሲያመጡለት የትኛው ክፍል ቶሎ እንደሚቃጠል፣ የትኛው ብየዳ በጉዞ ንቅናቄ እንደሚላቀቅ በዓይኑ እያየ ተማረ። በ1945 ከሙዚቀኛው ዶክ ካውፍማን ጋር ማምረት ጀመረ፤ በ1946 ደግሞ የራሱን ድርጅት አቋቋመ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የወጣው ቴሌካስተር ጊታሩ አንገቱ በአራት ብሎን ብቻ የታሰረ በመሆኑ፣ ቢበላሽ በቀላሉ ይለወጥ ነበር። በ1951 የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታሩ፣ በ1954 ስትራቶካስተር ተከተሉ።

የሰውዬውን አስተሳሰብ ከሁሉ አጉልታ የምታሳየው ግን ቻምፕ የተባለችው በአንድ እጅ የምትያዝ ማጉያ ናት። በ1950ዎቹ መገባደጃ በተሠራችበት መልኳ ሦስት ቫልቮች ብቻ ነበሯት። 12ኤኤክስ7 የተባለው ቫልቭ ሁለት ክፍሎች ስላሉት ከጊታሩ የሚመጣውን ደካማ ምልክት ሁለት ጊዜ ያሳድጋል፤ 6ቪ6 የተባለው ለስፒከሩ የሚበቃ ኃይል ይሰጣል፤ 5ዋይ3 የተባለው ተለዋዋጩን ኮረንቲ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። የ6ቪ6 ከፍተኛ ተቃውሞ ከስፒከሩ ዝቅተኛ ተቃውሞ ጋር የሚጣጣመው በውፅዓት ትራንስፎርመር አማካይነት ነው። ኃይሏ 5 ዋት ያህል፣ ስፒከሯም 8 ኢንች ነው።

ዋናው ብልሃት ከካቶዱ ሥር በተቀመጠችው አንዲት ሬዚስተር ውስጥ ይገኛል። በቫልቩ የሚያልፈው ኮረንቲ ሲጨምር በሬዚስተሯ ላይ ያለው ቮልቴጅም ከፍ ይልና ኮረንቲውን መልሶ ይገታዋል። ከዚህም የተነሣ ቫልቩ አርጅቶ በሌላ ሲተካ ልዩ ማስተካከያ አያስፈልግም። ክፍሎቹም በአንድ ሰሌዳ ላይ ተዘርግተው ስለተደረደሩ፣ የኋላ ክዳኑን የከፈተ ጠጋኝ ሁሉንም በግልጽ ያያቸዋል።

በዚህ ምክንያት ቻምፕ ዛሬም በየአገሩ በቤታቸው ማጉያ ለሚሠሩ ሰዎች የመጀመሪያዋ መማሪያ ናት። ሆኖም ቀላልነቷ ሊያዘናጋ አይገባም። በውስጧ ከ300 ቮልት በላይ ይሠራል፤ የማጣሪያ ኮንደንሰሮቿም መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለ በኋላ ገዳይ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሠሪው ኮንደንሰሮቹን በሬዚስተር በኩል አራግፎ፣ ባዶ መሆናቸውን በቮልት መለኪያ ሳያረጋግጥ እጁን ማስገባት የለበትም፤ ሻሲውም ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ አለበት።

ፌንደር ጤናው ታውኮ ዕድሜው ያጠረ ስለመሰለው በ1965 ድርጅቱን በ13 ሚሊዮን ዶላር ለሲቢኤስ ሸጠ። ከዚያ በኋላ ድኖ፣ በሚውዚክ ማን፣ ቀጥሎም በጂ ኤንድ ኤል ድርጅቶች መሥራቱን ቀጠለ። ሀብት ካገኘ በኋላ እንኳ ከሥራ ጠረጴዛው አልተለየም። በፓርኪንሰን ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ በ1991 አረፈ።

ከሕይወቱ የምናገኘው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ንድፍ ከፋብሪካው በር ሲወጣ አያበቃም። ከሃያ ዓመት በኋላ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ክዳኑን የሚከፍት፣ መለዋወጫ የሚቸግረው ጠጋኝ አለ። በአገራችን ጥቂት በማይባሉ መሥሪያ ቤቶች ጥቃቅን ክፍሎች ጠፍተው የቆሙ መሣሪያዎችን ለሚያውቅ መሐንዲስ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ፌንደር ያን ጠጋኝ አልረሳም፤ ራሱ እርሱን ነበርና። እኛም መሣሪያ ስንነድፍም ሆነ ለግዢ ስንመርጥ፣ ማን እንደሚጠግነው አስቀድመን ልንጠይቅ ይገባል።