ዑመር አል-ሙኽታርን የሰቀለው እጅ በነገሌ ቦረና

የሊቢያውን ሙጃሂድ ሸኽ ዑመር አል-ሙኽታርን (ረሒመሁላህ) የማያውቅ ሙስሊም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1931 ሱሉቅ ላይ ያሰቀላቸው ጄኔራል ግራዚያኒ፣ አምስት ዓመት ሳይሞላ ጦሩን አስከትሎ ነገሌ ቦረና መግባቱን ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በዚያ ግንባር የገጠሙት ራስ ደስታ ዳምጠው ነበሩ።

ራስ ደስታ የሲዳሞና የቦረና ገዥ፣ የልዕልት ተናኘወርቅ ኃይለ ሥላሴ ባለቤት ነበሩ። በ1925 ዓ.ም. አሜሪካ ድረስ ተልከው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር ተገናኝተዋል። በ1928 ወረራው ሲጀመር ጦራቸውን ይዘው በቆላው ወደ ዶሎ አቅጣጫ ወረዱ። መንገዱ ረጅም፣ ስንቁ ጥቂት፣ በሽታው ብርቱ ነበር። ከሰማይ ደግሞ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ወረደባቸው። ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀል ሕክምና ጣቢያ ሳይቀር ተደብድቦ ቁስለኞች በተኙበት አለቁ። ግራዚያኒ በመኪናና በብረት ለበስ ገስግሶ ጥር 11 ቀን ነገሌን ያዘ።

ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ከአገር ሲወጡ ራስ ደስታ አልተከተሏቸውም። ከደጃዝማች ገብረ ማርያምና ከደጃዝማች በየነ መርዕድ ጋር ሆነው በደቡብ መዋጋቱን ቀጠሉ። ከጣሊያን ጦር የከዱ በርካታ የኤርትራ ወታደሮችም አብረዋቸው ነበሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባ ስትጨፈጨፍ እነሱ ጎጌቲ ላይ ተከበው ይዋጉ ነበር። ሁለቱ ደጃዝማቾች እዚያው ሕይወታቸውን አጡ። ራስ ደስታ ከከበባው ቢያመልጡም ቡታጅራ አካባቢ ተይዘው የካቲት 17 ቀን ተረሸኑ።

ወር እንኳ ሳይሞላ ሙሶሊኒ ትሪፖሊ ላይ ሰይፍ ጨብጦ የኢስላም ጠባቂ ነኝ አለ። በአገራችንም ለሙስሊሙ ወዳጅ መስሎ ቀረበ። በዘውዱ ሥርዓት በገባርነትና በሃይማኖቱ የተበደለው የደቡብ ሙስሊም ይህን ቢሰማ አይደንቅም፤ በደሉ እውነት ነበርና። ራስ ደስታም የዚያው ሥርዓት ሹም ነበሩ። ሆኖም የሰባ ዓመት ገደማ ሽማግሌ፣ የቁርኣን መምህር የሰቀለ እጅ የኢስላም ጠባቂ ሊሆን አይችልም።

ፍትሕ በሃይማኖት የማይመስለንንም ሰው ሐቁን እንድንሰጠው ያዘናል። የራስ ደስታ ስም በአዲስ አበባ በሆስፒታል ተጠርቷል። በቆላው አብረው የወደቁት፣ ሙስሊሞቹም ጭምር፣ ስማቸው የት አለ? ያዩት አባቶች አልፈዋል፤ ከእነሱ የሰሙት ልጆች ግን በነገሌ፣ በዶሎና በቡታጅራ አሁንም አሉ። ሳይረፍድ ጠይቀን እንጻፍ። ወላሁ አዕለም።