ሳሙኤል ኮልትና የሽጉጥ ምላጭ

ሽጉጥ ሲነሣ ኮልት የሚለውን ስም ያልሰማ አንባቢ ጥቂት ነው። ስሙ ግን አስቀድሞ የሰው ስም ነበር። በዛሬው ጽሑፋችን የዚህን ሰው ታሪክና ምላጭ የተባለችው ትንሽ ብረት ያስነሣችውን ትልቅ ክርክር አብረን እንመለከታለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሳሙኤል ኮልት በ1814 በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ ተወለደ። በ1830 ገና በ16 ዓመቱ በመርከብ ተቀጥሮ ወደ ህንድ ሲጓዝ፣ የሚሽከረከረውን የጥይት ማደሪያ አምሳያ ከእንጨት ቀረጸ። በ1836 በአገሩ የፈጠራ መብት አገኘ። በፓተርሰን የተቋቋመው ፋብሪካው ግን ገበያ አጥቶ በ1842 ተዘጋ። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ በቆረጠ ነበር። እርሱ ግን ታገሠ፤ በ1847 በሜክሲኮ ጦርነት ጊዜ፣ በሻምበል ሳሙኤል ዎከር አማካይነት መንግሥት 1,000 ሽጉጥ ስላዘዘው እንደገና ቆመ።

በኮልት ሽጉጥ መምቻው ለእያንዳንዱ ተኩስ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ተስቦ ይቀባበላል። ለምላጩ የሚቀረው ሥራ መምቻውን መልቀቅ ብቻ ስለሆነ በቀላሉ ይሳባል። በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ግን ሮበርት አዳምስ የተባለ እንግሊዛዊ ተፎካካሪ ቀረበ። የአዳምስ ምላጭ ሲሳብ የጥይት ማደሪያውን ያዞራል፤ መምቻውን ያነሣል፤ ይለቅቃልም። ይህ ለጥድፊያ ይመቻል። ነገር ግን ጣት ከሞላው ኃይል ጋር ስለሚታገል ምላጩ ይከብዳል፤ ዒላማም ይናወጣል።

በ1856 ፍሬደሪክ ቦሞንት የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኰንን ሁለቱን አስታረቀ። ተኳሹ ሲቸኩል ምላጩን ብቻ ይስባል፤ ጊዜ ሲያገኝ በአውራ ጣቱ አቀባብሎ ይተኩሳል። ኮልት ግን በራሱ አሠራር ጸንቶ፣ ብዙ ሀብት አፍርቶ፣ በጥር 1862 በ47 ዓመቱ ሞተ። ኩባንያው ድርብ አሠራር ያለውን ሽጉጥ ለገበያ ያወጣው ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1877 ነው።

በ1929 የጀርመኑ ዋልተር ኩባንያ ይህን ብልሃት በባለ ካዝናው ሽጉጥ ላይ አዋለው። በተሽከርካሪው ሽጉጥ በምላጭ ብቻ ሲተኰስ እያንዳንዱ ስበት እኩል ይከብዳል፤ ጣት አንዴ ከለመደው አይለወጥበትም። በባለ ካዝናው ግን የሚከብደው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ከተኩሱ በኋላ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲንሸራተት መምቻውን ስለሚያቀባብለው ሁለተኛው ስበት ይቀልላል፤ ይህም ለውጥ ያልለመደውን ተኳሽ ያሳስተዋል።

እንግዲህ የኮልት ምላጭ ለዒላማ፣ የአዳምስ ለፍጥነት ይበጃል። ኮልት ከውድቀት መነሣትን በሕይወቱ አሳየን፤ ከተፎካካሪ ብልሃት መማርን ግን ያሳየን ከሞተ በኋላ ኩባንያው ነው።