አማተርነት እንደ መርህ፤ ይድነቃቸው ተሰማ በሜዳና በጉባኤ

በኢትዮጵያ የስፖርት ታሪክ የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ ስም በሁለት መልክ ይነሣል፤ በአንድ በኩል የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ አጥቂ፣ በሌላ በኩል የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው። ሁለቱ ገጽታዎች ብዙ ጊዜ ተነጣጥለው ይቀርባሉ። ይሁንና በጉባኤ የተሟገቱለት አቋም ያለ ክፍያ ከተጫወቱበት ሜዳ የበቀለ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ የአማተርነት እምነት ምን እንዳስገኘና ምን እንዳስከፈለ ነው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በጨዋታ አዋቂነት የታወቁ፣ በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ግን ስማቸውን ያስጠሩት በኳስ ነው።

ያን ጊዜ የአዲስ አበባ ሕይወት በአመዛኙ ያተኮረው ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከጉለሌ እስከ አራዳ በተዘረጋው ሰሜናዊ ክፍል ነበር። ለሰልፍ፣ ለፈረስ ጉግስና ለስፖርት የሚያገለግለው ጃን ሜዳ የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስም በ1928 ዓ.ም. በአራዳ ሲመሠረት ስሙን ከሰፈሩ ደብር ወሰደ። ክለቡ የተቋቋመው የጣሊያን ወረራ በጀመረበት ወቅት በመሆኑ ብዙም ሳይቆይ ከተማዪቱ በጠላት እጅ ወደቀች። የፋሺስት አስተዳደር ነጩንና ጥቁሩን በሕግ ሲለያይ በወጣትነት ያየ ተጫዋች፣ ኋላ በስፖርት ውስጥ ስለሚደረግ የዘር ልዩነት ሲነገረው ነገሩ እንግዳ ሊሆንበት አይችልም።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የተካሄደው የመጀመሪያው ሻምፒዮና አምስት ቡድኖችን ያገናኘ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ በቀር አራቱ የጣሊያን፣ የአርመን፣ የግሪክ ማኅበረሰቦችና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድኖች ነበሩ፤ ዋንጫውንም የእንግሊዞቹ ቡድን ወሰደ። ስለዚህ የክለቡ ግጥሚያ ሁሉ ከጨዋታ ያለፈ ትርጉም ነበረው። ስለ አቶ ይድነቃቸው በሰፊው የሚጠቀሰው መዝገብ ለክለባቸው በ365 ጨዋታዎች 318 ግቦች እንዳስቆጠሩና ለብሔራዊ ቡድን 15 ጊዜ እንደተሰለፉ ያሳያል። በዚያ ዘመን ኳስ መተዳደሪያ አልነበረም፤ ተጫዋቹ በሌላ ሥራ እየኖረ በትርፍ ጊዜው ይሰለፍ ነበር። አቶ ይድነቃቸው ከመጫወት ባሻገር የጨዋታውን ደንብ ወደ አማርኛ በመመለስና ፌዴሬሽኑን በማደራጀት ተሳትፈዋል።

እ.ኤ.አ. በ1957 በካርቱም የአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጮችን ብቻ፣ ወይ ጥቁሮችን ብቻ ካልሆነ በቀር ቅልቅል ቡድን አልክም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጪ ሆነች። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን ስትወስድ ቡድኑን በአሠልጣኝነት ከመሩት አንዱ አቶ ይድነቃቸው ነበሩ።

ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ፊፋ፣ በደቡብ አፍሪካ ላይ የጣለውን እገዳ እ.ኤ.አ. በ1963 አንሥቶ በ1964 ዳግም እስኪጥል ድረስ ከአፍሪካውያን ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል፤ አቶ ይድነቃቸውም ከሙግቱ ግንባር ቀደም ነበሩ። በዚያው ወቅት ፊፋ ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ የአፍሪካ አሸናፊ ከሌላ አህጉር አሸናፊ ጋር እንዲጋጠም በመወሰኑ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ውጤቱ በ1970 ታየ፤ አፍሪካ የራሷን ቀጥተኛ ቦታ አግኝታ ሞሮኮ ሜክሲኮ ሄደች። ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ ሙሉ በሙሉ የተባረረችው በ1976 ሲሆን፣ ያን ጊዜ አቶ ይድነቃቸው ከ1972 ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት፣ ከ1971 ጀምሮም የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ነበሩ።

የዚሁ እምነት ሌላ ፊት ግን ተጫዋቾቹን ራሳቸውን የሚነካ ነበር። አቶ ይድነቃቸው የአፍሪካ ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው የአህጉሪቱን ውድድር ያራቁታል ብለው ያምኑ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ አንድ አገር በውጭ ከሚጫወቱ ልጆቿ ማሰለፍ የምትችለው ሁለቱን ብቻ እንዲሆን ያዘዘው ደንብ ከዚህ ሥጋት ጋር የሚሄድ ነበር። ደንቡ የአገር ውስጥ ውድድርን ክብር ጠበቀ፤ በአንጻሩ በኳስ ኑሮውን ለመለወጥ የተሰደደውን ወጣት ለአገሩ እንዳይሰለፍ በር ዘጋበት። እ.ኤ.አ. በ1982 ገደቡ ተነሣ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ከተሳተፈች በኋላ እስከ 2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለሰችም።

አቶ ይድነቃቸው በፕሬዚዳንትነት ላይ ሳሉ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አረፉ። ዘረኝነትን የተቃወመውም ሆነ የተጫዋቹን ገበያ የገደበው አቋማቸው ከአንድ ምንጭ ይቀዳል፤ ኳስ የሕዝብ እንጂ የሀብታም ወይም የባለሥልጣን መሣሪያ መሆን የለበትም ከሚል እምነት። በመጀመሪያው ታሪክ አመስግኗቸዋል፤ በሁለተኛው ዘመን ቀድሟቸዋል። የሥራ ዘመናቸውን የሚያጠና ተመራማሪ አንዱን ይዞ ሌላውን ቢተው፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ከአማተር ሜዳ ወደ ገበያ የተሸጋገረበትን ክርክር ግማሹን ብቻ ያገኛል።